የምወርደው ዑባህ ሱቅ ፊት ለፊት ነው

«ሂባቅ ከሄደች አትመለስም።»

እንዲህ የምትለው ዑባህ ነበረች። ዑባህ ከቶጎጫሌ የሚገባ ጨርቅ ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ትቸረችራለች፤ ሜትሯ ያጥራል፣ ምላሷ ይረዝማል። ለደንበኛ ድራዕ የሚባለውን የሴቶች ስስ ቀሚስ ጨርቅ ቆርጣ ስትጠቀልል «ሰምተሻል? የሀሊሞ ልጅ ስዊዘርላንድ ልትሄድ ነው። አትመለስም!» ትላለች። ለሻይ ሻጯ ትላለች። ጭነት ለሚያራግፉት ትላለች። ከባጃጅ ነጂው ጋር እየተጨቃጨቀች እንኳ በመሃል ጣል ታደርጋለች። «ማን ነገረሽ?» ያሏት እንደሆነ እጇን ደረቷ ላይ ጭና «ወላሂ፣ ከታመነ አፍ ነው የሰማሁት» ትላለች። ወሬው ገበያውን ዞሮ የሂባቅ ጆሮ ሲደርስ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ነበር፦ እዚያ የሚጠብቃት ባል አለ፣ ባልየው ፈረንጅ ነው፣ ፈረንጁም ሰልሟል።

ሂባቅ የምትሠራው ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ነው። በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ አምስት ሰዎች በርን በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ለሁለት ሳምንት እንዲሠለጥኑ ተመረጡ፤ ከአምስቱ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ በፊት መሥሪያ ቤቱ ውጭ አገር የላካት ሴት የለችም። ከአምስቱ አንዱ የሆነው አለቃቸው ዐብዲወሃብ፣ ሁሉም «ሙዲር» የሚሉት፣ ቢሮው አስጠርቶ እንዲህ አላት፦

«አንቺ ከቀረሽ ከእንግዲህ ሴት አልልክም። በሚቀጥለው ዓመት ተራው የኻድራ ነው። የኻድራ ዕድል በአንቺ እጅ ነው።»

ኻድራ ከሂባቅ ጎን ተቀምጣ የደም ናሙና የምትመረምር ጓደኛዋ ናት። ሂባቅ መልስ አላጣችም፦ «ባለፈው ጣልያን ሄዶ እንደ ጨው ሟሙቶ የቀረው ወንድ አይደለም እንዴ፣ ሙዲር? በእሱ ምክንያት ወንድ አይላክ ሲባል አልሰማሁም።»

«እሱ ሌላ ነው» አለ ዐብዲወሃብ። ለምን ሌላ እንደሆነ ግን አልነገራትም።

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ገበያ ሄደች። ዑባህ ሱቅ በር ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ስሚኝ ዑባህ!» አለች። «ተመልሼ መጥቼ እዚህ፣ አንቺ ሱቅ ፊት ለፊት ካልወረድኩ፣ ስሜን ለውሻ ስጪው!»

ዑባህ መቀሷን አስቀምጣ ሳቀች። «እናያለን፣ አባዮ» አለች። አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ ዑባህ ስትለው ግን ከስድብ ይብሳል።

የስንብቱ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እናቷ ሀሊሞ ከሣጥኗ ውስጥ የሠርጓን የወርቅ አምባር አውጥታ በልጇ እጅ ላይ አጠለቀችላት። «ፈረንጅ ፊት ባዶ እጅሽን አትቁሚ» አለቻት። ዑባህም አላፈረችም፤ መጥታ ዱዓውን እሷው መራች። «አላህ በደህና ያድርስሽ!» አለች። ሴቶቹ «አሚን» አሉ። «አላህ እንጀራሽን ያስፋልሽ!» አሚን። «አላህ ከሰው አገር ሰው ጋር ያስማማሽ!» አሚን።

«በደህና ይመልስሽ የሚል አንድ ሰው ጠፋ?» አለች ሂባቅ።

ዑባህ ጠቀሰቻት። ሌሎቹ ተሳሳቁ። ሀሊሞ የሻሿን ጫፍ እያስተካከለች ነበር።

በርን ገብተው ሳምንት እንደተማሩ፣ እሑድ ዕለት አሠልጣኞቹ በባቡርና በጀልባ አገር እንዲያዩ የቀን ቲኬት ሰጧቸው። ጠዋት ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ባቡሩ ድምፅ የለውም፤ አይጮኽም፣ አይንገጫገጭም፣ አንድ ሐይቅ ዳር ለዳር ይዞ እንደ ዘይት ይንሸራተታል። ከሐይቁ ማዶ ተራሮቹ ነጭ ለብሰው ቆመዋል።

«ነሐሴ ላይ በረዶ!» አለ ኃይለልዑል። የክትባት ባለሙያ ነው፤ ቅድመ አያቱ ወታደር ሆነው ጅግጅጋ የገቡ፣ እሱ ግን በሶማልኛ ከማንም በላይ የሚሳደብ የከተማው ልጅ። «ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ውሃ እዚህ ቆልለህ ለደምበል አርብቶ አደሮቻችን አንድ ጉድጓድ ትነፍጋለህ?»

«አስተግፊሩላህ በል!» አለው ዐብዲወሃብ። ከዚያ ሜዳው ላይ የሚግጡትን ላሞች በጣቱ አሳየ። «ይልቅ ሥርዓቱን እዩ። እያንዳንዷ ላም ጆሮዋ ላይ ቁጥር አላት። የት ተወለደች፣ የማን ናት፣ ሁሉም ይታወቃል።»

«ልክ ነው» አለች ሂባቅ። «ቁጥሯም ያለው በራሷ ጆሮ ላይ ነው። አለቃዋ ኪስ ውስጥ አይደለም።»

 ነገሩን ሁሉም ያውቀዋል። ዐብዲወሃብ ከአዲስ አበባ አየር ማረፊያ ጀምሮ የሂባቅን ፓስፖርት «ለጥንቃቄ ነው» ብሎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞት ነበር። የወንዶቹ በየራሳቸው ኪስ ነው።

«ፓስፖርቴን ይስጡኝ፣ ሙዲር።»

«ምን ያደርግልሻል? ተራራው ፓስፖርት አይጠይቅሽ።»

«ተራራው እናንተንም አልጠየቀም። ወይ የሁሉንም ይያዙ፣ ወይ የኔን ይመልሱ።»

«ልጄ፣ ለአንቺው ደህንነት ነው…»

«እንግዲያው የኔንም ደህንነት ይያዙልኝ» አለ ኃይለልዑል፤ ፓስፖርቱን መዥረጥ አድርጎ አለቃው ጭን ላይ ጣለው። «እኔም ቆንጆ ነኝ፤ አንዷ ፈረንጅ ብትጠልፈኝስ?»

ሌሎቹ ሁለቱም እየሳቁ የየራሳቸውን ደረቡበት። ከማዶ የተቀመጡት ነጫጭ ሽማግሌዎች አንገታቸውን አስግገው፣ ጭኑ ላይ የፓስፖርት ክምር የታቀፈውን ሰውዬ አዩት። ዐብዲወሃብ ፊቱ ጠቆረ። የሰዎቹን እየመረጠ መለሰ፣ በመጨረሻ ኪሱ ገባና የሂባቅን አወጣ።

«ነገር ብታመጪ…»

«ካመጣሁ ተሸክሜው ነው የምመለሰው» ብላ ተቀበለችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ዚፑን እየሰማ ዘጋችው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ መመለሱም መቅረቱም በራሷ እጅ ሆነ።

ባቡሩ ያወረዳቸው ኢንተርላከን ነው። የጀልባው መሳፈሪያ ላይ ማርያን ቆማ ትጠብቃት ነበር። ማርያን የአክስቷ ልጅ ናት፤ አንድ ግቢ ውስጥ አድገው፣ አንድ ሻሽ እየተዋዋሱ ትምህርት ቤት ሄደዋል። ማርያን ከዓመታት በፊት በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ፣ ባሕሩን ተሻግራ እዚህ ገባች። አሁን ባቡር ታጸዳለች። ሂባቅ በስልክ «እሑድ ሐይቅ ላይ እንወጣለን» ስትላት «መጥቼ አይሻለሁ» ብላ ነበር። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፣ ተሳሳቁ። ተሳፍረው ወንዶቹ የጀልባው ሰገነት ላይ ሲወጡ፣ ማርያን ከታች፣ ከመስኮት የራቀ ወንበር መረጠችና በሁለት እጇ ጠርዙን ጨብጣ ተቀመጠች።

«ውሃውን እዪው እንጂ!» አለች ሂባቅ። ውሃው ሰማያዊ ነው እንዳይሉት አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ነው እንዳይሉት ወተት የገባበት ነው፤ ዑባህ ሰው እንዳይነካባት ከፍ አድርጋ የምትሰቅለውን ውዱን ድራዕ ይመስላል።

«አንቺ እዪው። እኔ ውሃ ይበቃኛል» አለች ማርያን። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ስሚኝ፣ አባዮ። የሚቀጥለው ማቆሚያ ኢዘልትቫልድ ይባላል። ባሌ መኪና ይዞ ቆሟል። እንወርዳለን። ሻንጣሽን እርሺው፤ ልብስ ሞልቷል። ጥገኝነት ለመጠየቅ እጅሽን የምትሰጪበትን ቦታ እሱ ያውቃል።»

«እቀራለሁ ያለሽ ማን ነው?»

«ያላለኝ ማን አለ? አውበሬ ከተማ ያሉት ዘመዶቻችን ደውለዋል። የጎረቤታችን ልጅ ከለንደን ደውላ ‹እንኳን ደስ ያለሽ› ብላኛለች። አልጋሽን እንኳ አንጥፌያለሁ።»

የሂባቅ ደም ፈላ። የዑባህ ምላስ ቪዛ ሳይጠይቅ፣ ከእሷ ቀድሞ እዚህ ገብቶ፣ አልጋ አስነጥፎ ተኝቷል!

ማርያን ክንዷን ያዘች። አምባሩን አየችው። «ይህ የሀሊሞ የሠርግ ወርቅ አይደለም?»

«ፈረንጅ ፊት ባዶ እጅሽን አትቁሚ ብላኝ ነው።»

«ለሁለት ሳምንት ሥልጠና?» ማርያን ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ ማንበብ እንጂ ሰው ማንበብ አልተማርሽም።»

ሂባቅ ልቧ አልዋለለም ብትል ውሸት ነው። ገደሉ ላይ የተለጠፉት የእንጨት ቤቶች፣ መስኮታቸው ሙሉ አበባ፣ «እዚህ የማን ልጅ እንደሆንሽ ጠያቂ የለም» ይሏታል። አንድ ክረምት፣ አንድ ዓመት፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ለሀሊሞ የምትልከው። ደግ ሐሳብ ነበር። ግን ሐሳቡን ባሰበችው ቁጥር ከበስተኋላው የዑባህ መቀስ ሲያፏጭ ትሰማለች፤ «አላልኳችሁም?» እያለ።

ጀልባዋ ዳር ተጠጋች። ሠራተኛው የመውረጃውን ሳንቃ ዘረጋ። ማርያን ተነሣች። «ነይ!»

«አልወርድም።»

«ለማን ብለሽ? ለዚያ ለሙዲርሽ?»

«ለራሴ። መቅረት ያማረኝ ቀን ‹እቀራለሁ› ብዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉን ተሰናብቼ እቀራለሁ። ሰው ባወራልኝ አልቀርም። ደግሞ ኻድራ አለች፤ እኔ ከቀረሁ በሩ እሷ ላይ ይዘጋል። የኔ መውረጃ ዑባህ ሱቅ ፊት ለፊት ነው።»

ማርያን ሳንቃውን አየች። «ከዚያ ባሕር ወዲህ እግሬ ጀልባ ረግጦ አያውቅም» አለች። «ዛሬ የረገጥኩት ለአንቺ ነው።»

ሂባቅ ብድግ አለች። እጇን ያዘቻት፤ ሳንቃው ላይ ዓይኗን ጨፍና እንድትራመድ እየመራች አሻገረቻትና ደረቁ መሬት ላይ አቆመቻት። ግንባሯን ሳመቻት። ይህን ጊዜ ከሰገነቱ «ሂባቅ! ኧረ ሂባቅ! ያዟት!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ዐብዲወሃብ ነው፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ፣ ኮቱን እያራገበ ይወርዳል። ሠራተኛው ሳንቃውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ሂባቅ ዞረች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተመልሳ ገባች።

«ምነው ሙዲር፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?»

ዐብዲወሃብ ያለከልካል። ኃይለልዑል ከላይ ሆኖ ያጨበጭባል። ጀልባዋ ስትርቅ ማርያን መሳፈሪያው ላይ ቆማ ነበር፤ እጇን አላውለበለበችም። ሂባቅም ከዚያ በኋላ ያለፉትን ፏፏቴዎች አላየቻቸውም።

ጅግጅጋ የተመለሰችው በመኪና ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እስከ ጅግጅጋ በአውሮፕላን ሲበርሩ፣ እሷ ድሬዳዋ ወርዳ ሚኒባስ ያዘች፤ ካራማራን በቀን፣ ሰው እያያት ልታልፍ። ሾፌሩን ለምና ገበያው ውስጥ አስገባችው። ዑባህ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሻንጣዋን ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ወረደች።

ዑባህ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ውይ፣ አባረሩሽ እንዴ?» አለች።

በማግሥቱ ከተማው ሁሉ ሂባቅ እንደተባረረች ያወራ ነበር።

ሀሊሞ በሩን ከፍታ ልጇን ስታይ እልል አላለችም። «መጣሽ?» አለች፤ ገባችና ተኛች፤ ያን ቀን አልተነሣችም። ጎረቤቶቹ «ደስታ ነው፤ ደስታ ይጥላል» አሉ። ሂባቅ አምባሩን አውልቃ ትራሷ ሥር አኖረችላት።

በዓመቱ ኻድራ ተላከች። ስለ ኻድራ አንድም ሰው አላወራም፤ ሁሉም «እሷማ ጨዋ ናት» ነበር የሚለው። ኻድራ አልተመለሰችም። ዐብዲወሃብ ጠረጴዛ ደብድቦ «አላልኩም?» ሲል፣ ሂባቅ በሩ ላይ ቆማ «መሄጃዋንም መቅሪያዋንም ራሷ መረጠች፤ እርስዎ ሳያፍሩ ቀጣይዋን ይላኩ» አለችው። ተናዶ ሲያበቃ ሌላዋን ሴት ባልደረባቸውን፣ ሩቲን፣ ላከ።

ከዚያ ሀሊሞ ታመመች። ሂባቅ አጠበቻት፣ አጎረሰቻት፣ ከሐኪም ሐኪም አንከራተተቻት፤ በመጨረሻም በእጇ ላይ አለፈች። ለቅሶው ሊበተን ሲል ዑባህ ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ተቀመጠች።  ሂባቅ ኩራቷን ይዛ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «ዑባህ፣ ያንን ወሬሽን ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት። «አትመለስም ያልሽኝ እኔ ተመልሼ እናቴን ቀብሬያለሁ።»

ዑባህ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ወሬው የኔ አልነበረም፣ አባዮ» አለች። «ሀሊሞ ናት ሱቄ ድረስ መጥታ የለመነችኝ። ‹የብዙ ሰው አፍ ዱዓ ነው፤ ልጄ እዚያው እንድትቀርልኝ፣ አትመለስም እያልሽ ለሰው ሁሉ አውሪልኝ› አለችኝ።»