ማርከሻ

ሠርፀ ስኒውን ከንፈሩ ላይ ሲያደርስ ትዝ ያሉት አይጦቹ ናቸው። ስድስት ነበሩ። አምስቱ በሁለተኛው ቀን እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ተገኙ፤ ስድስተኛዋ ተርፋለች፣ እሷም አልጠጣም ብላ። ጥናቱ ላይ ግን «ምንም ዓይነት ሞት አልተመዘገበም» ብሎ ጽፏል። ይህን ውሸት ነው የሚል ካለ ይሳሳታል፤ እውነትም አልመዘገበውም።

ነቀምቴ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ «ለወፍ በሽታ አገር በቀል መፍትሔ» ከሚል ባነር ሥር ቆሞ ስለ አንድ መራራ ሥር ሃያ ደቂቃ ካብራራ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ከፊት የተቀመጡት ባለሥልጣን፣ ወይዘሮ ብፅዓት፣ እጃቸውን አወጡ።

«ጉዳት የለውም ነው የምትለን?»

«ቅንጣት ታህል የለውም፣ ክብርት።»

«እንግዲያው አንድ ስኒ ጠጣና እንይህ። ከዚያ እኛም እንቀምሳለን።»

አዳራሹ ሳቀ። አማካሪው ዶክተር አብይ ከሁሉም አብልጠው ሳቁ፤ የጥናቱ ሽፋን ላይ ስማቸው ከሠርፀ ስም በላይ በወፍራሙ ተጽፏል። አልጠጣም ማለት አምስቱን አይጦች ከመቃብር አስነሥቶ መድረክ ላይ ማሰለፍ ነው። ጠጣ። ፈገግም አለ። ጭብጨባው ሳያባራ ባለሥልጣኗና ዶክተር አብይ ስኒ ሲያነሡ እያየ በጓሮ በር ሹልክ አለ።

ባጃጅ ውስጥ ሆዱ መጮህ ጀመረ። ሆስፒታል መሄድ ይችል ነበር። ግን ሐኪሙ «ምን ጠጣህ?» ይለዋል፣ መልሱ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ካርድ ላይ የተጻፈ ነገር ደግሞ ሳይመሽ እናቱ ሰፈር፣ በከኒሳ ቀሴ፣ ገብቶ በራቸውን ያንኳኳል። ስለዚህ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያም በሚኒባስ ወደ ኡኬ፣ አምና ሥሩን ወዳሳዩት ባህላዊ ሐኪም ወደ ኦቦ ጉሉማ ገሰገሰ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ተሳፈረ። ሦስተኛው ላይ ሹፌሩ «ወንድሜ፣ ወይ ቁጥቋጦውን ወይ መኪናውን ምረጥ» አለው።

ኦቦ ጉሉማ ከልጃቸው ከሊሊሴ ጋር ደጃፍ ላይ በቆሎ ይፈለፍላሉ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጉሉማ!»

«ኦ! ዩኒቨርሲቲው መጣ! ታኢ፣ ኢልመኮ፤ ተቀመጥ፣ ልጄ።»

«መቀመጥ አልችልም። ሥሩን ጠጥቼዋለሁ። ማርከሻ ካለው ይስጡኝ!»

ሽማግሌው አንዱን ራስ በቆሎ ረጋ ብለው ጨረሱት። «ሊሊሴ፣ ያንን ወረቀት አምጪልኝ።»

ሊሊሴ ከመዝሙር መጽሐፏ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። አምና ሠርፀ ራሱ ትቶላቸው የሄደው መጠይቅ ነው።

«ጥያቄ ቁጥር አንድ፤ ዕድሜ?»

«ሊሊሴ፣ በእናትሽ!»

«በእናትሽ የሚል ምርጫ የለውም።»

«ሠላሳ አንድ!»

«የጋብቻ ሁኔታ?»

«እየሞትኩ ነው እኮ!»

«ያላገባ» ብላ ጻፈች። «የትምህርት ደረጃ?»

ሠርፀ መጀመሪያ አጥሩ ሥር አስታወከ። ከዚያ «ሁለተኛ ዲግሪ» አለ።

«ጮክ በል» አሉ ኦቦ ጉሉማ። «ጎረቤት አልሰማም።»

ጎረቤቱ ሰምቷል። አጥሩ ላይ የሰው ራስ እንደ ዱባ ተደርድሯል። አምናም እነዚሁ ራሶች እዚያው ነበሩ፤ ሠርፀ ሽማግሌውን «አባባ፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ» ብሎ አፋቸውን ሲያስይዛቸው አይተዋል።

አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ኦቦ ጉሉማ እጃቸውን አነሡ። «እዚህ ላይ ነው ዝም ያሰኘኸኝ። ደብተርህን አውጣና ያልኩህን አንብብልኝ።»

ደብተሩ ቦርሳው ውስጥ ነበር። አውጥቶ ገለጠው። በራሱ ውብ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «መረጃ ሰጪው ስለ ምግብ ማውራት ጀመሩ። ከርዕስ ውጭ። ተዘሏል።»

«ምን ምግብ?»

«አልጻፍኩትም።»

«ማርከሻውን ነበር የነገርኩህ። ሦስት ቃል ነው። ሦስት ቃል ከበደህ?»

«እግርዎ ላይ ልውደቅ!»

«አትውደቅ፣ መሬቱ ላይ በቆሎ ተሰጥቷል። ለአይጥ አጠጥቼ አያለሁ ብለህ ነበር። ምን ሆኑ?»

ሠርፀ አጥሩን አየ። አጥሩም አየው።

«ሞቱ።»

«ስንቱ?»

«አምስት።»

«ከስንት?»

«ከስድስት! ከስድስት፣ ኦቦ!»

አጥሩ በአንድ ድምፅ «ዊዪ!» አለ። ሊሊሴ ቃሉን ጻፈችና ብዕር መያዝ ያቃተውን የሠርፀን አውራ ጣት በእስክሪብቶ ቀለም ቀብታ ወረቀቱ ላይ ጫነችው። «በፈቃደኝነት የተሰጠ መረጃ» የሚለው መስመር ላይ በትክክል አረፈ።

ያኔ ኦቦ ጉሉማ ገብተው፣ ምንነቱ እንዳይታይ በመዳፋቸው የከደኑትን ጣሳ ይዘው ወጡ።

«ቤት ያለው ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው። ሌላ የጠጣ አለ?»

የሠርፀ ስልክ ጮኸ። «ዶ/ር አብይ» ይላል። ስልኩን አየ፣ ጣሳውን አየ። ስልኩን በቆሎው ላይ በፊቱ ደፋው።

«ማንም የለም» አለና ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ እስከ አተላው ጨለጠው።

ስልኩ ዝም አለ፤ ደግሞ ጮኸ። ይሄኔ ኦቦ ጉሉማ ራሳቸው አነሡት። ከውስጡ «ሠርፀ! አንተ ከይሲ! ምንድን ነው ያጠጣኸን?» የሚል፣ በማቃሰት የተቆራረጠ ድምፅ ወጣ።

ሽማግሌው ባዶውን ጣሳ አዩ፣ ሠርፀን አዩ። ለሊሊሴ ወረቀቱን እንድትገለብጠው በአገጫቸው ጠቆሟት።

«ታኢ፣ ኢልመኮ» አሉ ወደ ስልኩ። «ዕድሜ?»