ሉቃስ የተቀበረ ዕለት

ሳጥኑ ከተቆፈረው አፈር አጠገብ በሁለት ግንድ ላይ አርፏል፤ የሚያነብ ግን የለም። ወንጌላዊው ከቡራዩ ሲመጣ መንገድ ተዘግቶበት ነበር። ደውሎ፣ «ሕዝቅያስ፣ ከመዝሙር አንብብና አንተው አሰናብተው» አለ፤ ስልኩም ተቋረጠ።

ሕዝቅያስ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ እንደያዘ ከፉሪ ኮረብታ ቁልቁል ተመለከተ። የሰበታ ፋብሪካዎች ጭስ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሏል። የእሱና የሟቹ የሉቃስ የሥራ ጓደኞች በሙሉ እዚያ ናቸው፤ ፈረቃ ላይ። ለቀብር የቆሙት አከራያቸው ኦቦ መገርሳ፣ ባለቤታቸው አዴ ገለቴና ጉድጓዱን የቆፈሩት የሰፈሩ ጎረምሶች ብቻ ናቸው። ሉቃስ ወላጆቹን አያውቅም። ሆሳዕና ከተማ ያሳደገችው አክስቱም ከሞተች ቆይታለች። «ሬሳው ይምጣልኝ» የሚል ዘመድ ስላልነበረ፣ አፈሩ እዚሁ ሆነ።

ሕዝቅያስና ሉቃስ ወደዚህ አብረው ነበር የመጡት። በክር ፋብሪካው አብረው ተቀጥረው፣ ኦቦ መገርሳ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል አንድ ፍራሽ ተጋሩ። በመጡበት ክረምት ሕዝቅያስን ታይፎይድ ጣለው። በከተማው የሚያውቁት ሰው አልነበረም። ሉቃስ ከሥራ ሲገባ የራሰ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አጠገቡ ተቀምጦ መዝሙረ ዳዊትን ጮክ ብሎ ያነብለት ነበር። በትኩሳቱ መሀል ቃላቱ አይገቡትም፤ በዚያ ድምፅ ተንጠልጥሎ ግን ሌሊቱን ያነጋ ነበር።

ዘንድሮ ተራው ተገለበጠ። የሉቃስ ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ተነፋ። ሐኪሙ «ጉበቱ ነው፤ ቆይቶበታል» አለ። ሕዝቅያስ እነዚያኑ መዝሙሮች አነበበ፣ ጾመ፣ ለመነ። ትናንት ጎህ ሲቀድ ሉቃስ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቅያስ አንዲት ቃል አልጸለየም። ዛሬን ከጨረሰ በኋላም ወደ ጉባኤው ላይመለስ በልቡ ቆርጧል።

«አንብብ እንጂ ልጄ፤ ዝናቡ መጣ» አሉ ኦቦ መገርሳ።

ሌላ ሰው ቢሆን የሚያጽናና ይመርጥ ነበር። እሱ ሆን ብሎ ሰባ ሰባተኛውን ገለጠ፤ ነፍሱ መጽናናትን እምቢ ያለች ሰው መዝሙር ነው። ድምፁ ደረቅ ነበር። ጥያቄዎቹ ጋ ሲደርስ ግን ጠነከረ። እግዚአብሔር ለዘላለም ይጥላልን? ምሕረቱስ አልቃ ይሆን? ቸርነቱን ረስቶ ይሆን?

መጽሐፉን ዘጋው። «በቃ፣ አውርዱት» አለ።

ጎረምሶቹ ገመዱን አነሡ።

«ቱራ!» አሉ አዴ ገለቴ፤ ቆዩ ማለታቸው ነው። ወደ ሕዝቅያስ ዞሩ። «አልጨረስከውም።»

«የቀረውን አላምንበትም፣ አዴ።»

«እመን መች አልኩህ? አባቴ ዳዊት ሲደግሙ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እዚያ ላይ አያቆሙም ነበር። የበኩር ልጄን የቀበርን ቀን እንኳ እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ ጨርሰውታል። ሰው በግማሽ ዳዊት አይሸኝም።»

እንደገና ገለጠው። ያ የመዝሙሩ ሰው ለጥያቄዎቹ መልስ አላገኘም። እንዲሁ፣ ምንም ሳይመለስለት፣ የጥንቱን ማስታወስ ጀመረ። ሕዝቅያስ «አስባለሁ» የምትለውን ቃል ሲያነብ ሳይፈልጋት አንዲት ጠዋት መጣችበት። ትኩሳቱ ለቆት ከእንቅልፉ ሲነቃ «ራበኝ» ብሎ ነበር። ሉቃስ እያለቀሰ ሳቀ፤ ሮጦ ወጥቶ ከጎረቤት ትኩስ ዳቦ ይዞ ተመለሰ። «አየህ? አልተወንም» ይል ነበር ዳቦውን እየቆረሰ፤ «አልተወንም እኮ!»

ከትናንት ጀምሮ ያችን ጠዋት ጠልቷት ነበር። ቢሆንም ሆናለች። የሉቃስ ሞት ወደ ኋላ ሄዶ ሊያጠፋት አልቻለም። የትናንቱም ጎህ እንዲሁ ሆኗል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ቃል አጣ፤ መዝሙሩም አልሰጠውም። መንገድህ በባሕር ውስጥ ነው፣ ዱካህም አይታወቅም ይላል። ያን ቦታ ሁለቴ አነበበው።

ሳጥኑ ወረደ። አፈሩ ተመለሰ። ዝናቡም ጀመረ።

«ና እንሂድ» አሉ ኦቦ መገርሳ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ደርበው፤ «ዛሬ ባዶ ቤት አትገባም። ከእኛ ጋር ትበላለህ።»

«ይቅደሙ፣ ኦቦ። እደርሳለሁ።»

አዴ ገለቴ የባላቸውን ክንድ ይዘው ወሰዷቸው። ጎረምሶቹም ዶማቸውን ተሸክመው ወረዱ።

ሕዝቅያስ ብቻውን ቀረ። «ጌታ ሆይ» አለ። ዝናቡ በሚመታው አዲስ አፈር አጠገብ ተንበረከከ።

«አልገባኝም» አለ። ቁጣ ነበረበት። «ለእኔ መጥተህ ነበር። አውቃለሁ፣ መጥተህ ነበር። ለእሱስ?»

ከታች የፈረቃ መለወጫው ደወል ጮኸ፤ ሠራተኞች ከፋብሪካው በር ወደ አስፋልቱ ፈሰሱ። ሕዝቅያስ አልተነሣም። ጃኬቱን በራሱ ላይ ሳበና፣ ገና ብዙ የሚናገረው እንዳለው ሰው፣ ጭቃው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።