የአፈ ንጉሡ አፈ ንጉሥ

ስማ ስማ! ላልሰማ አሰማ! የአሱማምፓ ሕዝብ ሆይ፣ ይህ ከናና ንቲም ዙፋን የወጣ ቃል ነው! ከነገ ጀምሮ ለአርባ ቀን ማንኛውም የከተማችን ነዋሪ፣ ወንድ ሴት፣ ሀብታም ድሃ ሳይባል፣ ከመኝታው እንደ ተነሣ እህል ሳይቀምስ አንድ ኩባያ የፈላ ዝንጅብል ይጠጣ! ጉበት ያጥባል፣ ጉልበት ያላላል! ይህን የሰማ ሁሉ ለአሥር ሰው ያስተላልፍ! ያላስተላለፈ በሰባት ቀን ውስጥ መዓት ይወርድበታል፤ አንዲት የኩማሲ ሴት ንቃ ብትተወው ማቀዝቀዣዋ ነደደ!

ደወል እየመታ በየሰፈሩ የዞረው አዋጅ ነጋሪ ማቀዝቀዣው ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰለል ማለቱን ብዙዎች ታዝበዋል። ቢሆንም አዋጅ አዋጅ ነው። በማግስቱ ማለዳ ከተማው በሙሉ ዝንጅብል እየጠጣ ሲያስነጥስ ተሰማ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭ አፈ ንጉሥ አጄኩም ነበር። በአሱማምፓ በማዕረግ «ናና» የሚባሉትን ንጉሥ በቀጥታ የሚያናግር የለም፤ ናናም ማንንም በቀጥታ አያናግሩም። ባለጉዳዩ ለአፈ ንጉሡ ይናገራል። ናና ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉተመትማሉ። አፈ ንጉሡ በወርቅ የተለበጠ በትሩን ይዞ ይነሣና ቃሉን አጥቦ፣ አልብሶ፣ ለሕዝብ ያቀርበዋል። ከአፈ ንጉሡ አፍ የወጣ ቃል ደግሞ የናና ቃል ነው፤ ተመለስ ቢሉት አይመለስም። በዚያ ከተማ ታሪክ «ይቅርታ፣ ናና እንደዚያ አላሉም» የተባለበት ቀን የለም።

ያን ዕለት ችሎት የቀረበው ጉዳይ የዳክዬ ነበር። የአንዷ ጎረቤት ዳክዬ የሌላይቱን የተሰጣ ካሳቫ በልታለች። ናና ሁለቱንም ወገን ሰምተው «ሳምንት ምስክር ይዘው ይምጡ» አሉ። አጄኩም በዚያች ቅጽበት በትከሻው ላይ ባጣፋው ሰፊ ልብስ እጥፋት ውስጥ ስልኩን ሸጉጦ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ዋትስአፕ ላይ የለጠፉትን እያነበበ ነበር። ቀና ሲል ሕዝቡ ሁሉ አፉን ያየዋል። ናና የሆነ ነገር እንዳሉ ጆሮው ነግሮታል፤ ምን እንዳሉ ግን አልነገረውም። አፉ ተከፈተ፤ ዓይኑ ያመጣውን ሁሉ ዘረገፈው። ማቀዝቀዣውም ሳይቀር።

ናና ንቲም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «እውነት ነው!» ብለው አጸደቁ። ዳክዬዋን ያቀፈችው ሴትዮ ተፈርዶላት ይሁን ተፈርዶባት ሳይገባት ውሃ ልታፈላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ማምሻውን ናና ወደ ውስጠኛው ግቢ አስጠሩት።

«አጄኩም።»

«አቤት ናና።»

«ጉበቴ ምን ሆነ ብለህ ነው?»

አጄኩም መሬት መሬት አየ።

«ዝንጅብል ልቤን ያቃጥለኛል» አሉ ናና። «አርባ ቀን ልጠጣ ነው። እኔም ነዋሪ ነኝ።»

«ናና፣ ይማሩኝ።»

«ስማኝ። ከአርባ ቀን በኋላ አክዋሲዳይ ነው፤ በበዓሉ ጎረቤቶቻችን የታኪምሶ ሰዎች ጉዳይ ይዘው ይመጣሉ። በዚያ ቀን ከእኔ አፍ ያልወጣች አንዲት ቃል ካንተ አፍ ብትወጣ በትሩን ለእህትህ ልጅ ለኦፖንግ ታስረክባለህ።»

የእህቱ ልጅ ኦፖንግ ወግ አዋቂ ጎልማሳ ነው። ጓዳው ገብቶ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ እንደሚለማመድ መላው ከተማ ያውቃል። በትሩ ከአጄኩም እናት ወገን ሳይወጣ ስድስት ትውልድ ቆይቷል። በሰባተኛው ትውልድ በዝንጅብል ምክንያት እጅ ቀየረ ሊባል ነው።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ቢራጎ ከካሳቫ የተወቀጠ ፉፉ ከምትሸጥበት ዳስ ሥር ሆና ጠበቀችው።

«ሱስ ይዞሃል» አለችው።

«ሱስ? እኔ? አረቄ ያልቀመስኩ ሰውዬ!»

«ስልኩ ነዋ።»

«ስልክ ሥራ ነው ቢራጎ። የከተማው ጉዳይ፣ የአገር ጉዳይ...»

«የማቀዝቀዣ ጉዳይ።»

ቢራጎ አንድ ቅል ሙሉ ኦቾሎኒ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች፤ አጠገቡ ባዶ ሳህን አኖረች።

«ነገ ስልክህን በነካህ ቁጥር አንድ ፍሬ ከዚህ ወደዚያ ጣል። እኔ ምንም አልልህም።»

«አምስት ስድስት ቢሆን ነው» አለ አጄኩም በኩራት።

በማግስቱ አምስቱን የጨረሰው ጫማውን ሳያጠልቅ ነው። ረፋዱ ላይ ሳህኑ ሞልቶ በድስት ተተካ። አንድ እጁ ኦቾሎኒ ሲጥል ሌላው እጁ ስክሪኑን ሲያንሸራትት ራሱን አገኘው፤ ይህ እንደ አንድ ይቆጠር እንደ ሁለት ግራ ገባው። አንዴማ ስልኩን ሳይነካ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ለማየት ስልኩን ነካ። ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ለዚያም ጣለ።

ቢራጎ እስከ ሁለት መቶ ድረስ ቆጥራ ሰለቻት። ኦቾሎኒውን ወቀጠችው፣ ከዶሮ ጋር ቀቀለችው። በዚያ ቀን ዳሷ ውስጥ ስምንት ደንበኛ የኦቾሎኒ ሾርባ በልቶ ጠገበ፤ ተርፎም ለባሏ ቀረበ።

«ብላ» አለችው። «የጣትህ ሥራ ነው።»

አንድ ጊዜ ጎረሰና ቆመ። ከሁለት መቶው አንዱን እንኳ ያየውን ነገር ለማስታወስ ሞከረ። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ስቋል። አንድ ድመት ነበረች። ከዚያ ወዲያ ባዶ። የሞላ ድስት ቀን አልፎ በእጁ የቀረችው አንዲት ድመት ናት።

«ቢራጎ» አለ ቀስ ብሎ።

«ወዬ።»

«ይዞኛል።»

እሷም አልሳቀችበትም። ጭኑ ላይ መታ መታ አድርጋው ሾርባ ጨመረችለት።

የመጀመሪያው ዘዴ ቀላል ነበር፤ ስልኩ ቢራጎ ዘንድ ይቀመጥ። አንድ ቀን ቻለ። በሁለተኛው ቀን የጸጉር አስተካካዩን ስልክ ተውሶ «ሰዓት ልይ» ብሎ አርባ ደቂቃ አየ። በሦስተኛው ቀን መኪና ተራ ላይ ከማያውቀው ተሳፋሪ ጀርባ ቆሞ በትከሻው ላይ ሲያነብ ሰውየው ዞር ሳይል «አባቴ፣ ወደ ታች ላውርደው ወይስ አልጨረሱም?» አለው። ፉፉ ሲጠቀልል አውራ ጣቱ ፉፉውን ወደ ላይ ይገፋዋል። እህል በእጁ ውስጥ ሆኖ አዲስ ነገር የሚመጣ ይመስለዋል።

መላውን ያመጡት አማቱ እማማ ኮናዱ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ካካዎ ሲመዝኑ የኖሩ፣ ከከረጢቱ ውስጥ እርጥቡንና የሻገተውን በማሽተት የሚለዩ ሴት ናቸው። አማቻቸው እንደ ታመመ ዶሮ ጥግ ይዞ ሲያዩት፦

«ናና ዘንድ ሰው ሁሉ እየገባ እንዳሻው ይለፈልፋል?» አሉት።

«እንዴት ተደርጎ!»

«ለምን?»

«ወግ ነዋ። በእኔ በኩል ነው።»

«ታዲያ አንተ ምን ስለሆንክ ነው ሦስት መቶ ሰው ያለ አፈ ንጉሥ ጆሮህ ውስጥ የሚገባው?»

አጄኩም ወንበሩን ወደ አማቱ አስጠጋ።

በዚያው ቀን ሕጉ ወጣ። ስልኩ እማማ ኮናዱ ዘንድ ያድራል፣ ይውላል። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከዳሱ አጠገብ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ይዘው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የመጣውን ይናገራሉ። አጄኩም ፊት ለፊት ይቀመጣል። መንካት የለም።

«ምን መጣ እማማ?» አለ በመጀመሪያው ቀን።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መልእክት።»

«እና?»

«ማንም ምንም አላለም።»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እኮ ነው!»

«መቶ አርባው እንደምን አደራችሁ ነው። ሰማንያው እግዜር ይመስገን ነው። የአበባ ሥዕል አለ፤ አበባው ያምራል። ቦአቴንግ የሚባለው ሰውዬ ፖለቲካ አንሥቶ ተቆጥቶ ወጣ፤ ከምሳ በኋላ ተመልሷል።»

«ምን ብሎ ወጣ? ቃል በቃል ይንገሩኝ!»

«አንተ የናናን ቃል ቃል በቃል ትናገራለህ?»

አጄኩም ወደ ስልኩ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

«እንግዲያው ወጌን አታስተምረኝ» አሉና ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «አንድ ነገር ግን አለ። ዳርኮ የሚባል ጓደኛ አለህ?»

«አንድ ዴስክ ነበር የምንቀመጠው።»

«እናቱ ሆስፒታል ገብተዋል። ከትናንት ወዲያ ጽፎ አንድ ሰው አልመለሰለትም፤ ከአበባው ሥር ተቀብሯል። በል ደውልለት።»

ስልኩን ሰጡት፤ ለመደወል ብቻ። አጄኩም ግማሽ ሰዓት አወራ። ከትከት ብሎ ሲስቅ፣ ከዚያ ዝም ሲል፣ ከዚያ «አይዞህ ወንድሜ» ሲል ቢራጎ ከዳሷ ሰማችው። የዳርኮን ድምፅ ከሰማ ስድስት ዓመቱ ነበር። በየቀኑ ግን እንደምን አደርክ ይባባሉ ነበር።

ቀናት እንደዚህ አለፉ። አንዳንዱ ቀን ክፉ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ማንጎው ሥር ተገኝቶ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ብሎ ከአማቱ ጋር የተጣላበት ቀን አለ። ሁለት ጊዜም ተሰናክሎ የአስተካካዩ ሱቅ ተገኝቷል። ግን ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ተከሰተ፤ ናና ሲያወሩ ይሰማ ጀመር። እኚህ ሰው ለካ ቀልደኛ ናቸው! ለካ ወገባቸውን ያማቸዋል! ታላላቆቹን የከተማዋን ከበሮዎች የታኪምሶ ሰዎች ከሁለት ዓመት በፊት ተውሰው አንዱን ቆዳውን ቀድደው መመለሳቸው ዛሬም እንደሚያንገበግባቸው፣ የታኪምሶዋን አሮጊት የአለቃውን እናት ግን እንደ እናታቸው እንደሚወዱ፣ ይህን ሁሉ ሰማ። ምናልባት ናና ይህንን ለዓመታት ሲናገሩ ኖረው ይሆናል።

አክዋሲዳይ ደረሰ። ጥላው ተዘረጋ፣ ከበሮው ተጎሰመ፣ ናና በክንዳቸው ልክ ወርቅ አጥልቀው ተቀመጡ። በግራቸው ንግሥት እናት ናና ፒናማን፣ በቀኛቸው አጄኩም ከነበትሩ። ኦፖንግ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ በትር የሚይዝበትን እጁን ቅባት ቀብቶታል።

የታኪምሶ አፈ ንጉሥ ተነሣ። የአለቃቸው እናት አርፈዋል። ለለቅሶው የአሱማምፓን ታላላቅ ከበሮዎች ለመዋስ መጥተዋል።

ዝምታ ሆነ። ናና መልስ ከመስጠታቸው በፊት ትንሽ ዝም ማለታቸው ወግ ነው። ይህኛው ግን ረዘመ። አጄኩም ጆሮውን አስጠግቶ ጠበቀ። ምንም። ዓይኑን ዝቅ አደረገ።

ከናና ልብስ እጥፋት ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን የወርቅ አምባራቸው ላይ ይጫወታል። አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ትገፋለች፤ ደግማ ትገፋለች። ያቺን ጣት አጄኩም ያውቃታል። አንድ ድስት ኦቾሎኒ ያስወቀጠች ጣት ናት።

እንግዶቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ለሐዘንተኛ በዝምታ መመለስ በጥፊ ከመምታት ይከፋል። ናናን ቢነቀንቃቸው ሺህ ሰው ያያል። ዝም ቢል ሁለት ከተማ ይቀያየማል። ቢናገር ደግሞ ከናና አፍ ያልወጣ ቃል ነው፤ አንዲት ቃል ብቻ አይደለችም፣ ሁሉም ናት። በትሩን አጥብቆ ያዘ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበና ተነሣ።

«ናና ንቲም እንዲህ ይላሉ!» አለ። «የታኪምሶ እናት የእኔም እናት ነበሩ። ከበሮዎቻችን ይመጣሉ። ብቻቸውን ግን አንልካቸውም፤ ባለፈው ወደ እናንተ ሄደው ሲመለሱ አንዱ ቆዳው ታሞ ነበር!»

ሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ በላይ የሳቁት የታኪምሶ ሰዎች ናቸው፤ ያፈረ ሰው አጥብቆ ይስቃል።

«ስለዚህ መቺዎቻቸውም ይመጣሉ። እኔም እመጣለሁ። አብረን እንቀመጣለን፣ አብረን እናለቅሳለን።»

የታኪምሶ ሽማግሌዎች ከትከሻቸው ልብሳቸውን አውርደው እጅ ነሡ። አንዱ ዓይኑን ጠረገ። ጭብጨባው ናናን አባነናቸው፤ ብርሃኑ ጠፋ። ቀና ብለው፣ ከረጅም ተመስጦ እንደ ወጣ ሰው፣ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሕዝቡ ሲበተን ንግሥት እናት አጄኩምን ጠሩት።

«ክንዴ የናናን ክንድ ነክቶ ነበር የተቀመጥኩት። ናና ትንፍሽ አላሉም። የአርባ ቀኑን ነገር ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ፣ ናና ፒናማን።»

«ታዲያ ያ ቃል ከማን አፍ ወጣ?»

ናና ንቲም አጠገባቸው ቆመው የጫማቸውን ጫፍ ይመረምራሉ።

«የተናገሩት ናና ናቸው፤ እኔ አሰማሁ» አለ አጄኩም።

ንግሥት እናት አንዱንም ሌላውንም አዩ። ናና ረጅም ሳል ሳሉና «በትሩ ያለበት ቦታ ይቆይ» አሉ። ከዚያ፣ ንግሥት እናት ፊታቸውን ሲያዞሩ ጠብቀው፣ ለአፈ ንጉሡ ብቻ በሚሰማ ድምፅ አጉተመተሙ። «ያቺ አማትህ... ከሰዓት በኋላ ጊዜ አላት?»

በሳምንቱ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቢራጎ ከዳሷ ብቅ ስትል እናቷ ማንጎው ሥር ሁለት ስልክ ይዘዋል። አንደኛው የባሏ ነው። ሁለተኛው ጠርዙ ወርቅማ ነው። አንድ የቤተ መንግሥት አሽከር በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል፤ እናቷም በጆሮው «ለሚመለከተው ንገር፣ አራት መቶ ሃያ፤ ማንም ምንም አላለም» ይሉታል።

«አጄኩም!» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «ያ ስልክ የማን ነው? አክዋሲዳይ ዕለትስ ምን ተደርጎ ነው? ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል እኮ!»

አጄኩም ፉፉውን ጠቅልሎ፣ ሾርባ ውስጥ ነክሮ፣ ዋጠ።

«አላብራራም» አላት።