መብራት ሲጠፋ የምትለወጠው አሮጊት

ካባው ከፊትና ከኋላ ሁለት ቁራጭ ነው። ሁለቱን የሚያያይዘው በትናንሽ ቀለበቶች ውስጥ ያለፈ አንድ ናይለን ክር ብቻ ነው። መብራቱ ሲጠፋ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ክሩን እስባለሁ፤ ካባው ከነጉብጠቱ፣ ከነሽበቱ ይወድቃል፤ ከበሮ ይመታል፤ መብራት ይበራል፤ አሮጊቷ ወጣት ሆና ትገኛለች። ሲያወሩት ቀላል ነው።

አሮጊቷ ልጄ ናት።

በመጀመሪያው ልምምድ ክሩ አንገቷ ሥር ተያዘ። መብራቱ ሲበራ ግማሽ አሮጊት፣ ግማሽ ኮረዳ ሆና ቆማለች። ጓደኞቿ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ቤት ስንገባ ግን ጫማዋን እያወለቀች፣ «እማዬ፣ ሰው ፊት እንዲህ ከሆንኩ ሁለተኛ መድረክ አልወጣም» አለችኝ። ልጄ ያለችውን የምታደርግ ናት። አባቷ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ ከ«እሺ» እና ከ«ጠግቤያለሁ» ያለፈ ቃል ከአፏ አይወጣም። በዚያች ጎባጣ አሮጊት ድምፅ ግን ትሳደባለች፣ ትመርቃለች፣ ትነጫነጫለች፣ ጎረቤት ታማለች። መርፌ ያነሳሁት ያንን ድምፅ ለመስማት ነው። እንዳይዘጋብኝም ነው ከሥራ ስመለስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ቀለበቶቹን የምፈትሸው።

ክሩ የዓሣ ማጥመጃ ነው፤ ከቤት ያመጣሁት። ከማን ሣጥን እንዳወጣሁት ልጄ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

የድራማ ክበቡ አዘጋጅ በሙያው ፋርማሲስት ነው፤ ተዋናዮቹን ሁሉ መድኃኒት እንደሚያዝላቸው ሰዎች ነው የሚያናግራቸው። የትርኢቱ ቀን ወደ እኔ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ከጀርባ የሚቆም ሰው ጥቁር መልበስ አለበት፤ ነጭ ነገር ከታየ...» ብሎ ጀመረና ልብሴን ሲያይ አፉን ያዘ።

«ለብሻለሁ» አልኩት።

«ይቅርታ እትዬ፤ እኔ እኮ ሳላስብ...»

«ምንም አይደል። አንድ ሥራ ቀለለልህ።»

ሥራውን ስቀበል ያስቀመጥኩት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፤ ማንም እንዳያየኝ። ሰው ሲያገኘኝ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ ድምፁን ይቀንሳል፤ «እንዴት ነሽ ታዲያ?» ይለኛል። ከመጋረጃ ጀርባ ዘንበል የሚል አንገት የለም።

አዳራሹ መሙላት ጀመረ። በመጋረጃው ቀዳዳ ስመለከት የባለቤቴ እህት ትልቅ ቦርሳዋን ታቅፋ ከፊት ተቀምጣለች። «የወንድሜን ልጅ ለማየት ነው የመጣሁት!» ትላለች ላልጠየቃት ሰው ሁሉ።

ልጄ እጄን ያዘችኝ። ፊቷ ላይ የተሳለው መጨማደድ አሮጊት አድርጓታል፤ እጇ ግን በረዶ ነው።

«እማዬ፣ ክሩ?»

«ደህና ነው።»

«አንገቴ ሥር ያለውስ?»

«አይቼዋለሁ።»

«ደግመሽ እዪው።»

ደግሜ አየሁት። ክሩ ጣቴ ላይ ደረቅ አለብኝ። አዲስ ይገዛ ልል አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

መብራቱን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ዋናው ሥራው ማጥፋት ስለሆነ «ጨለማው» የሚል ስም ወጥቶለታል። ከማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ሆኖ፣ «አንቺ አሮጊት፣ አትንቀጥቀጪ! እኔ ካጠፋሁ ድመትም አታይሽ!» አላት።

ልጄ ዱላዋን ይዛ ወጣች። «እኔ በእናንተ ዕድሜ ተራራ ወጥቼ እወርድ ነበር» አለች በዚያች ድምፅ፤ «አሁን ከአልጋ መውረድ ራሱ ተራራ ሆነብኝ!» አዳራሹ ሳቀ። ይህኛው ሳቅ የራሷ ነው፤ ጠርታ ያመጣችው። እኔ ግን መዳፌን አልቦኝ ክሩ ያዳልጠኛል። በቀሚሴ ጠረግሁት፤ እንደገና አላበኝ።

ጊዜው ደረሰ። ልጄ ጀርባዋን ወደ መጋረጃው አስጠግታ ዱላዋን ከፍ አደረገች። ጨለማው መብራቱን አጠፋ።

ሳብኩ። ክሩ እንደ ባዶ ነገር ቀልሎ መጣልኝ። ተበጥሷል።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። ይህንን ስፈራ ነው የሰነበትኩት። ያልፈራሁት ነገር ደግሞ ከፊት ለፊት መጣ።

«ውይ! መብራት ሄደ!» አለ አንድ ሰው።

«ዛሬ እንኳ ባይሄድ ምን ነበረበት?»

«አይዞሽ የወንድሜ ልጅ፣ ቀጥዪ! እኛ እናበራልሻለን!»

የባለቤቴ እህት ስልኳን አበራች። ከጎኗ ያለው አበራ፤ ከኋላዋ ያሉት አበሩ፤ አዳራሹ በሙሉ አበራ። ልምምድ የምናደርገው በባዶ አዳራሽ ነበርና ይህን ማናችንም አላሰብንም፤ መብራት መጥፋት የለመደ ሰው ሌላውን በጨለማ ትቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ልጄ በዚያ ሁሉ ብርሃን መካከል ቆማለች። የካባው ታች ተፈትቷል፤ ላዩ አንገቷ ሥር እንደተያዘ ነው፤ ሽበቱ ወደ ጆሮዋ ተንሸራትቷል። «አሮጊቷ ፀጉሯ ወለቀ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቅ ጀመረ።

«ላብራ?» አለ ጨለማው በሹክሹክታ።

«አብራ! አይ፣ አታብራ! ቆይ!» አለ አዘጋጁ።

የልጄን ማጅራት አየሁ። ቤት ውስጥ «ጠግቤያለሁ» ስትል እንደሚገተረው ተገትሯል።

ሳላስብ ወጣሁ ብል ውሸት ነው። አስቤያለሁ። በቀዳዳው የባለቤቴን እህት ፊት አይቻለሁ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። የእሷም አንገት፣ የሌላውም አንገት ዘንበል ሲል ታወቀኝ፤ ሳቁ ቆመ። እጄን ልጄ ማጅራት ላይ አሳረፍኩ።

ደነገጠች። ዘወር ግን አላለችም። «ማነው ደግሞ የሚነካካኝ?» አለች በአሮጊቷ ድምፅ።

ለእኔ የተጻፈልኝ ቃል የለም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን ፈልገሽ?»

«ልብስሽ ከብዶሻል። ላውልቅልሽ።»

«በይ ቀስ በይ» አለች፤ «አጥንቴ አርጅቷል።»

ሰው ሳቀ፤ በእሷ ላይ ግን አልነበረም። የተበጠሰውን ክር ከየቀለበቱ እየመዘዝኩ አወጣሁ። አንዱ ቁራጭ ወደቀ። ጉብጠቱ ወደቀ። ሽበቱን ከፀጉር ማስያዣው ሳላቅቅ «አይ፣ ፀጉሬን!» አለች ቀስ ብላ፤ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። ከበሮ መቺው መምታቱን ረስቶ ያየናል። የመጨረሻው ቁራጭ ሲወርድ ልጄ ቀና አለች፤ በድርሰቱ ያለውን የወጣቷን የመጀመሪያ ቃል ተናገረች።

«ነግቷል እንዴ?»

ያ የአሮጊቷ ድምፅ አልነበረም። የራሷ ነበር። ከሰማሁት ቆይቻለሁ።

ጨለማው መብራቱን አበራ። ካባውን ሰብስቤ ገባሁ፤ ጭብጨባውን የሰማሁት ከመጋረጃው ጀርባ ነው።

ትርኢቱ ሲያበቃ አዘጋጁ እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ ነገም በዚሁ መልክ ይሁን። በቀን አንዴ ብቻ ነው።»

«አይሆንም» አልኩት። «አዲስ ክር ግዙ። ሰውም ስልኩን እንዳያበራ አስቀድማችሁ ንገሩ።»

ልጄ መስታወት ፊት ተቀምጣ መጨማደዱን በቅባትና በጥጥ ትጠርጋለች። ግማሽ ፊቷ ጠርቷል።

«ይበጠሳል» አለች።

«አዲሱ?»

«አዲሱም።» ከዚያ በአሮጊቷ ድምፅ፣ «እኔን ስሚኝ አንቺ ልጅ፤ ስንት ክር ሲበጠስ ያየሁ ሰው ነኝ!»

አዘጋጁ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። የተበጠሰው ክር ጣቴ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር። ፈታሁት፤ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት። ካባውንም ጭኔ ላይ ዘርግቼ አንገቱ አካባቢ ያለውን ስፌት መመርመር ጀመርኩ።

«እንግዲያው ቀለበቶቹን ሰፋ አደርጋቸዋለሁ» አልኩ፤ «ለእጄ እንዲመቹ።»