ሪያሊንን ማን አስተማራት?

ድረ ገጻችንን የከፈትነው በእህቴ የሩዝ መሸጫ ጓሮ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። እኔ ክሌታ፣ ከመምህርነት ጡረታ የወጣሁት፣ እጽፋለሁ። ስልክ ጠጋኙ ኔስቶር ኮምፒውተሩ ላይ ያሰፍረዋል። የምናስተምረው የአጠናን ዘዴ ነበር፤ ማስታወሻ እንዴት እንደሚያዝ፣ ጊዜ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ፈተና ፊት ሆድ ሲገላበጥ ምን እንደሚደረግ። ሁሉም በነፃ፣ ሁሉም ተማሪው እቤቱ በሚያወራበት ቋንቋ። የከተማችን የካትባሎጋን ልጅ እናቱን የሚያናግረው በአካባቢያችን ቋንቋ በዋራይ ነው፤ ክፍል ሲገባ ግን እንግሊዝኛ ጠፍቶበት አፉን ይዘጋል። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ሳይ ኖሬ አንገፍግፎኛል።

በዋራይ ብቻ ጀመርን። ብዙም ሳይቆይ ከሴቡ ደሴት አንዲት መምህርት «እኛስ የማን ልጆች ነን?» ብላ ተቆጥታ ጻፈችልን፤ ራሷም ወደ አገሯ ቋንቋ ወደ ሴብዋኖ መለሰችው። ከዚያ ማራናው መጣ፣ ታውሱግ መጣ፣ ኢሎካኖ መጣ። ዓመቱ ሲጋመስ የማላውቃቸው ሰዎች በማልሰማቸው ቋንቋዎች ይጽፉልኝ ነበር። ኔስቶር ገጾቹን ቀለል አድርጎ ስለሠራቸው መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክም ይከፈታሉ። በዝናቡ ወራት ኔትወርክ ሲጠፋ ልጆቹ ፎቶ አንስተው ከስልክ ወደ ስልክ ያቀባብሏቸዋል። በዓመቱ መጨረሻ ቋንቋዎቹ አሥራ አንድ ሆኑ።

ይሄኔ ነው ኢንጂነር ቪልያሩስ ብቅ ያለው። ዋናው መንገድ ላይ የፈተና ማዘጋጃ ማዕከል አለው፤ ሲያስከፍል ደግሞ አይምርም።

«ቲቸር፣ ድረ ገጹን ለእኔ ይስጡኝ» አለኝ ጆንያዎቹን በዐይኑ እየለካ። «ቢሮ እሰጥዎታለሁ፣ ደመወዝ እቆርጥልዎታለሁ። በእንግሊዝኛ ብቻ እናድርገውና ከፍሎ የገባ ያንብበው። ፈተናው በእንግሊዝኛ አይደል? ዋራይ ዓሣ ለመግዣ ነው።»

«አንተ ልጅ» አልኩት፣ ተማሪዬ ነበርና። «ሰባተኛ ክፍል እያለህም የጎረቤትህን ወረቀት ነበር የምትገለብጠው። ይሄ አመል እስካሁን አለቀቀህም?»

ሳቀ። «እሺ፣ ይሁን። ባነርዎ ግን የታለ?»

እዚህ ላይ ነካኝ። እኛ ዘንድ ትልቅ ፈተና ያለፈ ሰው ፊቱ በባነር ታትሞ መንገድ ላይ ይሰቀላል፤ ባነር የሌለው አስተማሪ ማንንም አላሳለፈም ማለት ነው። የገዛ እህቴ እንኳ ማታውን «እውነቱን እኮ ነው፣ ማንን አሳለፍሽ?» አለችኝ። ራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ነገሩን ያከረረው ደግሞ የትምህርት ቢሮ ኃላፊዋ ዶክተር አብሬንሲሎ ነበሩ። ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሙሉ አንድ የጥናት መርጃ ሊመርጡ ነው፤ ወይ የእኛን ወይ የኢንጂነሩን። ውሳኔውን የሚናገሩት ፈተና ላለፉት ልጆች ምስጋና በሚደረግበት ቀን፣ አደባባይ ላይ ነው። የእሱ ከተመረጠ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ለማጥናት ሊከፍል ነው።

በዚያው ሳምንት የአዋላጅ ነርሶች ፈተና ውጤት ወጣ። ከማዶ ደሴት የሆነችው ሪያሊን ከአገሩ አሥር ምርጦች አንዷ ሆነች። ሪያሊን ገጾቻችንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምታነብ፣ ያልገባት ቦታ ሲኖር «ቲቸር፣ ይሄ አረፍተ ነገርዎ ተወላግዷል» ብላ የምትልክልኝ ልጅ ናት። ከደስታዬ ብዛት ኔስቶርን አቅፌ ሳምኩት።

በማግስቱ ዋናው መንገድ ላይ ፊቷ ተሰቅሎ አየሁ። የኢንጂነሩ ባነር ነው! «የማዕከላችን ፍሬ» ይላል፤ ግማሹን ቦታ የሞላው የራሱ ጥርስ ነው። እንዲህ ያለ ዐይን ያወጣ ውሸት አይቼ አላውቅም። ደሜ ፈላ።

ሪያሊን ራሷ እያለቀሰች መጣች። «አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የሄድኩት ቲቸር፣ ነፃ ትምህርት አለ ሲባል። የፓንሲት ፓስታ አበሉን፣ ስማችንን አስፈረሙን፣ በቃ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ውሸት ነው በያ!»

«ትናንት ሙሉ የተጠበሰ አሳማ እቤት ላከ። አባቴ ምኑን ያውቃል፣ አመስግኖ ተቀበለ። መንደሩ ሁሉ በላ። አሁን መድረክ ላይ አመስግኚኝ እያለ ነው።»

እኛ ጋ የሰው ውለታ በልቶ ፊት ማዞር ከስርቆት ይብሳል። አመስግኚው ልላት አንጀቴ እንቢ አለ፤ አታመስግኚው እንዳልላት ደግሞ ስሙ የሚጠፋው የእሷ ቤት ነው። «ለአባትሽ ሁሉንም ንገሪው» ብቻ አልኳት።

ቀኑ ደረሰ፤ አደባባዩ ሞላ። ሪያሊን ስሟ ሲጠራ ወጣች። ማይኩን ተቀበለች።

«ኢንጂነር፣ አሳማው ይጣፍጥ ነበር» አለች በዋራይ። ሰው ሳቀ። «እግዜር ይስጥልኝ። አሳማው ግን አላስተማረኝም።»

ኢንጂነሩ ከመቀመጫው ተነሣ። «ምስጋና ቢስ! የእኔን በልታ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚህ የከፋ ስድብ የለንም። ሪያሊን አንገቷን ደፋች፤ እኔም አለቀልን ብዬ ነበር።

ከኋላ ጩኸት ተሰማ። አባቷ ቤሮንግ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ አንዲት ወፍራም አሳማ በገመድ እየጎተተ በሰው መሃል ይመጣል። ለመንደራቸው ንግሥ ያደለቧት፣ ያለቻቸው አንዲት አሳማ ነች። በጀልባ ነው ያመጣት። መድረኩ ሥር ደርሶ ገመዱን የኢንጂነሩ እግር አጠገብ ጣለው።

«አሳማ አበላኸን፣ አሳማ ይኸው። እኛ ለንግሡ ዓሣ እንበላለን። ልጄ ከእንግዲህ የማንም ውለታ የለባትም።» ቀና ብሎ ልጁን አያት። «በይ ተናገሪ!»

የመድረክ መሪው ጠጋ ብሎ «በእንግሊዝኛ ቢሆን…» አላት።

«አይሆንም» አለችው ቀና ብላ። «ያጠናሁት ጀልባ ላይ ነው፣ ስልኬ ላይ፣ በዋራይ። እንግሊዝኛውን የደፈርኩት መጀመሪያ በአፍ መፍቻዬ ስለገባኝ ነው። ያስተማረችኝ ቲቸር ክሌታ ናት፤ አንድም ቀን ክፈይ አላለችኝም። ኢንጂነር፣ ባነሩ ላይ ያለው ፊት የእኔ ነው። አውርዱልኝ!»

አደባባዩ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ እንባዬን መጥረግ እንኳ አልቻልኩም።

ዶክተር አብሬንሲሎ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቀው ማይኩን ያዙ። «ቲቸር ክሌታ፣ የእናንተን ወስደናል። ለወደፊቱም በነፃ ነው አይደል?»

«በነፃ ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ ማይክም አላስፈለገኝ። «በአሥራ አንዱም ቋንቋ በነፃ ነው! እሸጠዋለሁ የሚል ካለ መጀመሪያ እኔን ይቅበረኝ!»