ከቤት አልወጣ ያሉ ፊደሎች

ራዊያ ቆቦ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ አላት። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሦስተኛ ሰው ከገባ አንዱ መውጣት አለበት። ያም ሆኖ አባቷ በድረዲን ከጠዋት እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት የሚቀመጥበት ወንበር በር ላይ ቦታ አጥቶ አያውቅም። ችግሩ አቀማመጡ ነው። ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ጀርባውን ወደ መንገድ ያደርጋል። በዚያ ሙቀት ነፋስ የሚገባው ከመንገዱ በኩል እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ እሱ ግን ላቡን እየጠረገ ግድግዳ ሲያይ ይውላል።

ለምን እንደሆነ ራዊያ ታውቃለች። ሰፈሩም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። በድረዲን ዕድሜውን ሙሉ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ከጎብዬ እስከ ሮቢት ምግብ ቤት ሆነ ፀጉር ቤት፣ ስሙ በእሱ ብሩሽ ያልተጻፈ ሱቅ ጥቂት ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ ከዳው። ንግግሩ ተመለሰ፣ እግሩም ተመለሰ፤ እጁ ግን ብርጭቆ ሲያነሳ እንኳ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወዲህ ታፔላ ማየት አይወድም። ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጥ እንኳ ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ይተክላል።

ልጅ ይህን እያየች ዝም ብላ አትቀመጥም። ራዊያ ስልኳን ይዛ የአባቷን ታፔላዎች ማንሳት ጀመረች። ባነር መጥቶ ብዙዎቹን አስወርዷቸዋል፤ አንዳንዶቹም በጦርነቱ ጊዜ ከነሱቃቸው ተቃጥለዋል። የተረፉትን እየዞረች አነሳች። ማታ ማታ በነጻ በሚገኝ የኮምፒውተር ፊደል ወይም የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም እያንዳንዱን ፊደል በማውዝ ዙሪያውን እየተከተለች ቀዳችው። ክረምቱ ሲወጣ የአባቷ እጅ እንደ ማንኛውም ፎንት ወርድ የሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ቁልፉን ስትጫን የበድረዲን "ቆ" ይወጣል፤ ያ አንገቱን ትንሽ ሰበር የሚያደርገው። ለአባቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ፊደሎቹ ታትመው መንገድ ላይ ተሰቅለው እንዲያያቸው ነበር ምኞቷ። ያን ጊዜ ወንበሩን ያዞረዋል ብላ ተስፋ አደረገች።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ኡሙልኸይር ሆነች። ኡሙልኸይር ልብስ ሰፊ ናት፤ ከኪራይ ቤት ወጥታ የራሷን ሱቅ ልትከፍት ነው። በሚቀጥለው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይከፈታል።

"በድሮው ታፔላዬ ላይ 'ልብስ ስፌት' ብቻ ነበር የሚለው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አሁን ስሜ ይግባበት። ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁት እንጂ በአያ በድረዲን እጅ ነበር ማስጻፍ የምፈልገው። ወላሂ ይቆጨኛል።"

"አብሽሪ፣ አይዞሽ" አለቻት ራዊያ። "በእሱ እጅ ነው የሚጻፈው።"

ኡሙልኸይር ነገሩ ባይገባትም ደስ ብሏት ሄደች። ራዊያ ስሟን ስትጽፍ ግን ጉድ መጣ። የ"ኸ" ቦታ ላይ ቀጭን ባዕድ ፊደል ቆመ። ከሁሉም ታፔላ "ኸ" አላገኘችም ነበርና ወርድ ከሌላ ፎንት ተበድሮ አስገባላት። የአባቷን "ከ" ወስዳ አናቱ ላይ ሰረዝ ጨመረችበት፤ የሰው ባርኔጣ የደፋ ሰው መሰለ። ቀኑን ሙሉ ስትታገለው ዋለች። በማግስቱ ጠዋት ምርጫ አጣችና "አባ፣ እስቲ ይህን እይልኝ" ብላ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት።

በድረዲን ትኩር ብሎ አየው። ፊቱ ምንም አይነበብበትም። ራዊያ ተቆጣ ይሆን ብላ ሰጋች።

"ይህ 'ል' የኢብሮ ሱቅ ታፔላ ላይ ያለው ነው" አለ በመጨረሻ። "የተቸኮለ ቀን ነበር፤ እናትሽ ምጥ ይዟት አንቺን ልትወልድ። ለዚህ ነው ያዘነበለው።" ጣቱን ወደ "ኸ" ገፋው። "ይህችኛዋ ግን የእኔ አይደለችም።"

"አላገኘኋትም፣ አባ። ከ'ከ' ልሠራት ሞክሬ እምቢ አለችኝ።"

"ላይዋ ሲጨመር ትከሻዋ ዝቅ ማለት አለበት። ቦታ ትፈልጋለች።" ቀጠለና "ወረቀት ስጪኝ" አለ።

ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ጻፈ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የወጣው ፊደል አይመስልም። ቀጣዩም አልሆነ። እስክሪብቶው ወድቆ ራዊያ ልታነሳለት ስትል "ተይው" አለና ራሱ ጎንበስ ብሎ አነሳው። ወረቀት በወረቀት ላይ ተከመረ፤ ፎቶኮፒ ሊያስነሱ የመጡ ሰዎች ደጅ ቆመው ጠበቁ፣ ማንም አልቸኮለም። ወደ ዙሁር ላይ አንዲት "ኸ" ወጣች። አንድ እግሯ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ትከሻዋ ግን ልክ ነው። ራዊያ ወደ ኮምፒውተር ስታስገባት ያን እግር በማውዝ ማቃናት ትችል ነበር። ልቧ አልፈቀደም፤ እንዳለች ተወቻት።

ጽሑፉን ፒዲኤፍ አድርጋ ወልድያ ለሚገኝ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም ላከች። ከመላኳ በፊት በራሷ ኮምፒውተር ከፍታ ደጋግማ አየችው። አንድም እንከን የለውም።

ጁምዓ ዕለት በድረዲን ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከመስጊድ በቀጥታ ወደ ኡሙልኸይር ሱቅ መጣ። ባነሩ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ደርሷል። እሱ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ቆሞ ነበር፤ ራዊያ ይህን ስታይ ደስታው ሊያስለቅሳት ደረሰ። ባነሩ ተዘረጋ። በላዩ ላይ ያሉት ፊደሎች በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ባለው ባነር ሁሉ ላይ ያሉት ነበሩ። ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ የማንም ያልሆኑ። "ኸ"ም ከጓደኞቿ ጋር ተስተካክላ ቆማለች።

"ይህ የማን እጅ ነው?" አለች ኡሙልኸይር ግራ ተጋብታ።

"ንጹህ ነው" አለ በድረዲን። "ከሩቅ ይነበባል።" ለኡሙልኸይር ዱዓ አደረገላት፣ የሱቁን በረከት ተመኘላትና ሄደ። ራዊያ ሱቋ ስትደርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ ጀርባው ወደ መንገድ ነበር።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ወልድያ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ለሚሠራው ለእሱባለው ደወለች።

"የላክሽልኝን ነው ያተምኩት፣ እህቴ" አለ እሱባለው። "እኔ ጋ እንደዚያ ነው የተከፈተው።" የስክሪኑንም ፎቶ ላከላት። እውነቱን ነው።

ያንኑ ፋይል እሷ ስትከፍተው የአባቷ ፊደሎች ይወጣሉ። አንድ ፋይል፣ ሁለት መልክ። የፋይሉን ዝርዝር መረጃ ከፍታ ፎንቶቹ የተጻፉበትን ቦታ አየች። ለስልክ ቁጥሩ በተጠቀመችበት ተራ ፎንት አጠገብ ከፋይሉ ጋር አብሮ እንደገባ ተጽፏል። በአባቷ ፎንት አጠገብ ምንም የለም። ስሙ ብቻ ሄዷል፤ ፊደሎቹ ግን እዚሁ ቆቦ፣ እሷ ኮምፒውተር ውስጥ ቀርተዋል። የወልድያው ኮምፒውተርም ስሙን ሲያነብ የማያውቀው ሆነበትና ከራሱ ፊደል ተካበት።

ለምን እንደቀሩ ስታስታውስ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ፎንቱን ሠርታ የጨረሰች ማታ ፕሮግራሙ ጠይቋት ነበር፤ ሰነድ ሲላክ ፎንቱ አብሮ እንዲገባ ይፈቀዳል ወይ? ከመናኸሪያው አጠገብ ያሉት ሌሎች የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቆች ትዝ አሏት። የአባቴን እጅ ሰርቀው ሊነግዱበት ነው ብላ "በፍጹም አይፈቀድም" የሚለውን መረጠች። ወርድም ያዘዘችውን ፈጸመ። ለሌባ ብላ የቆለፈችው በር የቤቱን ሰው ከልክሎ ነበር።

ወደ ወንበሩ ሄዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"አባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዳይወጡ የዘጋሁባቸው እኔው ነኝ።"

ሁሉንም ነገረችው።

"ለምን ዘጋሽ?"

"እንዳይሰርቁህ ብዬ።"

ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። "እኔ ግድግዳ ላይ ስጽፍ ሌሊት ዘበኛ አላቆምኩም፣ ልጄ። ሮቢት ያለው ታፔላ ጸሐፊ ሰላሁዲን 'ቆ'ዬን ቀድቶ አንገቷን ረጅም አደረጋት። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እስቅ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። ክፈቺላቸው፣ ይሂዱ።"

ከፈተችላቸው። ፈቃዱን ቀይራ ፎንቱን እንደገና አወጣች፤ ወርድ ውስጥ መልሳ ጭና ፒዲኤፉን አዲስ ሠራች። ዝርዝሩን ስታይ የአባቷ ፎንት አብሮ ገብቷል። ያም አላረካትም፤ ፎንቱ በሌለበት በኡሙልኸይር ስልክ ላከችው። ኡሙልኸይር ስልኳን ዓይኗ ድረስ አስጠግታ ስሟን አየችና "አሁን አወቅኩት" አለች። ኪሳራውን ራዊያ ቻለች፤ ባነሩ እንደገና ታትሞ መጣ።

በተሰቀለ ዕለት በድረዲን ከሥሩ ቆመ። በአስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና አለፈና አቧራውን አነሳው፤ እሱ ዓይኑን አልነቀለም። ፊደል በፊደል አነበበ። "ኸ" ጋ ሲደርስ ቆየ። እዚያ ከፍታ ላይ እግሯ መንገዳገዱ ከመሬት በደንብ ይታያል። ራዊያ ባቃናሁት ኖሮ ብላ ተጸጸተች።

"አልነካሻትም" አለ።

"አልነካኋትም።"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና ተመለሱ። ሱቁ ጋ ሲደርሱ ወንበሩን በግራ እጁ ይዞ አዞረው፤ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ተቀመጠና ጥቂት ጊዜ የሚያልፈውን የሚያገድመውን አየ።

"'ጰ' አለሽ?" አለ ዞር ሳይል።

"የለኝም።"

"'ዠ'ስ?"

"እሷም የለችም።"

"ታዲያ ምን ይዘሽ ነው ሱቅ የከፈትሽው" አለ በድረዲን። "ወረቀት አምጪ።"