የጋሽ ጎሚኒ ስህተት

"የአራቱንም በር ጎሚኒ ቀየሩልኝ፤ ሻይ እንኳን ሳይቀምሱ ሄዱ" አለ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ታክሲ ነጂ፣ የፕላስቲክ ወንበሩን ወደ ሟቹ ልጅ ጠጋ አድርጎ። "ጋሽ ጎሚኒ፣ የበፊቱ ምን ሆነና ነው? ብላቸው፣ 'ተሳስቼ ነው የሠራሁት። ስህተቱን ያገኘችው ልጄ ናት' አሉኝ። እግዜር ያጽናሽ እንግዲህ። እንዲህ ያለ አባት..."

ልጅቱ "አሜን" ማለት ነበረባት፤ አፏ ግን ሌላ አለ።

"መቼ ነው የቀየረልዎት?"

"መቼ ነው... ዝናቡ ሊገባ ሲል መሰለኝ።"

ዝናቡ ሊገባ ሲል እሷ እንደምታውቀው አባቷ እሷን አኩርፎ፣ ጋራዡን ዘግቶ፣ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ሁለቴ ሄዳ ጋራዡ ተቆልፎ በዓይኗ አይታለች። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሟችን የማያሳምር ሰው የለም፤ "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ይባል የለ። ታክሲ ነጂውም ሊያጽናናት ብሎ የፈጠረው ነው ብላ ተወችው። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ የጥርስ ሐኪም መጣ። ለእናቷ አንገቱን ደፍቶ እጅ ከነሳ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንኑ አወራ። በሰማያዊ ከረጢት ጎሚኒ ይዘው መጡ፣ ተንበርክከው አራቱንም በር ቀየሩ፣ "ልጄ ናት ያገኘችው" አሉ። ሐኪሙና ታክሲ ነጂው አይተዋወቁም። ልጅቱ ተነስታ ጓዳ ገባችና የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

አባቷን ሰው ሁሉ ጋሽ ጎሚኒ ይለው ነበር። ፋብሪካቸው መሥራት ላቆማቸው አሮጌ መኪናዎች የበርና የመስኮት ጎሚኒ ይሠራል፤ ውሃና አቧራ እንዳይገባ በሩን ዙሪያውን የሚይዘውን ጎማ ማለት ነው። ቅርጹን ከአሉሚኒየም በእጁ ይፈለፍላል፣ ጎማውን እሳት ላይ አሙቆ ቅርጹ ውስጥ ይጨምቃል፣ ማታ ሲመለስ ሽታው ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። "የሚመስል" የሚለውን ቃል አይወድም። ደንበኛ "ብቻ የሚመስል ነገር ሥራልኝ" ካለው፣ "የሚመስል ወንድም አለህ? ወንድም ወይ ነው፣ ወይ አይደለም" ይለዋል። የበሩን ብሎን በብረት መላጊያ ማሽን የሚያወጣለት የቶርኖ ባለሙያ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ሚሊ ይሉታል፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ሰውን ስለሚቀየም። ሁለቱ በአንዲት የብሎን ራስ ጠዋት ተጣልተው ማታ ይታረቃሉ። "የበር ውስጥ ብሎን ደግሞ ማን ያየዋል?" የሚል ሰው ሲመጣ ግን አንድ ላይ ይነሱበታል።

ልጅቱ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መሃል አደገች። የጎማ ትርፍ በመከርከም ጀምራ፣ ኋላ ሥራዋ አደረገችው። ዓይኗ ከአባቷ ይበልጥ ነበር፤ እሱም ይህንን ለሰው ሁሉ ይናገራል፣ ለእሷ ብቻ አይናገርም።

ስህተቱ እንዲህ ነው። ለአንድ ዓይነት መኪና የበር ጎሚኒ መሥራት ሲጀምር መነሻ ያደረገው ከቆራሌ የገዛውን አሮጌ ጎማ ነበር። የጎማው የታችኛው ማዕዘን ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል ቁርጥ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ተበልቶ ነው ብሎ ይሞላታል። እሱ ግን "ፋብሪካ ያለ ምክንያት አይቆርጥም፤ እኛ ማን ነን?" ብሎ ያችኑ ቁርጥ ሳይጨምር ሳይቀንስ ቅርጹ ላይ አወጣት። ከዚያ ወዲህ ከእጁ የወጣው የዚያ መኪና ጎሚኒ በሙሉ ማዕዘኑ ላይ ቁርጥ አለው። ደንበኛ "ምንጣፌ ረጠበ" ብሎ ሲመጣ፣ "የበርህ ማጠፊያ ላልቶ ነው" እያለ ማጠፊያ ያጠብቅለት ነበር።

አንድ ቀን ልጅቱ ከነማሸጊያው የተቀመጠ፣ ማንም ያልነካው የፋብሪካ ጎሚኒ እጇ ገባ። ማዕዘኑ ድፍን ነው። ብቻውን ሲሆን ብታሳየው ምን ነበረበት! እሷ ግን ባለ መኪናዎቹ ጋራዡ ውስጥ ተሰብስበው ሲጫወቱ ጠብቃ ሁለቱን ጎማ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

"አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ስትገለብጥ የኖርከው እኮ የቆራሌ ቢላ የቆረጠውን ነው!"

ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ዛሬ የሚያንገበግባት ያ ሳቅ ነው። አባቷ መነጽሩን አውልቆ ሁለቱንም ማዕዘን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ አንዴ ብቻ አይደለም፣ እየተመላለሰ። "ልክ ነሽ" አለ። ከዚያ ቱታውን አውልቆ ሰቀለና ወጣ። በማግስቱ ጋራዡ ዝግ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ይቅርታ ልትለው ነበር የሄደችው፤ በሩ ላይ ቁልፍ ስታይ ይቅርታው እልህ ሆነባት። "ካኮረፈ ያኩርፍ" ብላ ሌላ ጋራዥ ተቀጠረች። የምትኖረው ለብቻዋ ስለሆነ እናቷ ጋ እየደወለች "አባዬስ?" ስትል፣ እናት "ከረጢቱን ይዞ ሥራ ሄዷል" ትላታለች። እናትየዋ የምታየውን ነው የተናገረችው፤ ልጅቱ ግን የባሏን ኩርፊያ የምትሸፍንለት መሰላት። እሱም አልደወለም፤ በደህናው ቀንም ስልክ የሚደውል ሰው አልነበረም። ቤት መሄዱን ዛሬ ነገ ስትል ዝናቡ ገባ፣ ዝናቡ ወጣ፣ አባቷም ሞተ። ከአንድ ሰው ደጃፍ ወድቆ አንዲት ሴትዮ ሆስፒታል አደረሰችው የሚል ብቻ ነው የሰሙት።

ሚሊ በየቀኑ እየመጣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ልጅቱ ሻይ ይዛለት መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

"ጋሼ ሚሊ፣ አባዬ የት ነበር የሚውለው?"

ሚሊ ስኳሩን ከሚገባው በላይ አማሰለ።

"ጨርሼ እኔው ነኝ የምነግራት ብሎኝ ነበር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቅርጹን ያኔውኑ እኔ ጋ ሆኖ እንደ አዲስ ፈለፈለው። ከዚያ በአውቶቡስ እየዞረ የሸጠውን ሁሉ መቀየር ያዘ። ጉልበትህ አይችልም፣ አብሬህ ልዙር ብለው፣ 'ያበላሸሁት እኔ፣ የምትዞረው አንተ?' አለኝ። ብሎን ብቻ ሥራልኝ አለ። ጥቂት ነበር የቀረው። ሲያልቅ አንቺ ጋ ሊመጣ ነበር፤ ባዶ እጄን አልሄድም ይል ነበር።"

"አዝኖብኝ ነበር?"

ለቅሶ ቤት ነው፤ ትንሽ ውሸት ማንንም አይጎዳም ነበር። ልጅቱም ዓይን ዓይኑን እያየች ያቺን ውሸት ነበር የምትለምነው። ሚሊ ግን ለሚስቱም አይዋሽም።

"አዝኖ ነበር። በነገርሽው አይደለም፤ በሳቅሽው ነው።" ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ደግሞ ቤት መምጣት ትችይ ነበር፣ ልጄ።"

"እሱስ መደወል አይችልም ነበር?"

"ይችል ነበር እንጂ! ዘር ከልጓም ይስባል፤ ምን ላድርጋችሁ?" አለና በመሀረቡ ዓይኑን ሸፈነ።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ከተቀበረ ጀምሮ ዕንባ እምቢ ብሏታል። ያሰበችው ስለ ከረጢቱ ነበር። አንድ ቀን ብትሄድ ኖሮ ያን ከረጢት የምትይዝለት እሷ ነበረች። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሱ ስለ መንገዱ ሲያጉረመርም፣ እሷ ስትስቅበት። እንዲህ ያለውን ሳቅ እኮ ይወደው ነበር።

እነሱ እዚያው እንደተቀመጡ አንዲት ጠና ያሉ ሴት በሩ ላይ ቆሙ። ማንም አያውቃቸውም። ሰማያዊ ከረጢት ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

"ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ፤ ፊታችሁን ማየት ፈርቼ ነው" አሉ። "እኔ ደጅ ነው የወደቁት። ጡረታ እስክወጣ ነርስ ነበርኩ፤ ስንት ሰው ያነሳሁ፣ እሳቸውን ማትረፍ አቃተኝ።"

እናት ተነስታ አንገታቸውን አቀፈች። "እጅሽ ይባረክ፣ አንቺ ምን ታደርጊ" እያለች ከሚሊ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ነርሷ ከረጢቱን ለልጅቱ ሰጧት። ውስጡ የማስቲሽ ቆርቆሮ፣ የጎማ መጫኛ እንጨት፣ በጨርቅ የተቋጠሩ አዳዲስ ብሎኖችና አንድ የተጠቀለለ ጎሚኒ ነበር። ልጅቱ ጥቅሉን እስከ ማዕዘኑ ፈታችው። ድፍን ነው። ጠርዙ እንደዚያ የተስተካከለ ሥራ ከእጁ ሲወጣ አይታ አታውቅም፤ ሲሠራው አጠገቡ አልነበረችም።

"ሦስቱን በር ጨርሰው ነበር" አሉ ነርሷ። "አራተኛው የድሮው እንደተነቀለ ነው። በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም።"

ልጅቱ ከረጢቱን ዘግታ ነጠላ ጫማዋን አደረገች።

"ሰው እየመጣ ወዴት ነው?" አለች አክስቷ። "ምን ይሉናል?"

"ተዪያት" አለች እናት። "እሱ ቢሆን ትናንት ነበር የሚሄደው።"

መኪናው በነርሷ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ቀለሙ ውሃ አረንጓዴ ነው፣ ከእሷ ዕድሜ ይበልጣል። ልጅቱ በጥቁር ልብሷ ተንበረከከች። የድሮውን ማስቲሽ ፋቀች፣ ብረቱን ወለወለች፣ ከማዕዘኑ ጀምራ ጎሚኒውን በመጫኛ እንጨቱ እያስገባች ዙሪያውን ሄደች። የትም አልተረፈም፣ የትም አላጠረም። የበሩን ደፍ የሚሸፍነውን ብረት መልሳ በሚሊ ብሎኖች አሰረችው። ስትቆም ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ ማስቲሽ ይዟል።

"እሳቸው አንዱን በር በጨረሱ ቁጥር ውስጥ ገብተው ይቀመጡና፣ 'በይ አፍስሺ' ይሉኝ ነበር" አሉ ነርሷ፣ ውሃ የሞላ ጆግ ይዘው። "ጠብታ ካልገባ በመስኮቱ በእጃቸው በቃ ይሉኛል።"

ልጅቱ ገብታ በሩን ሳበችው። ለስለስ ብሎ ገጠመ፤ የግቢው ድምፅ ሁሉ ቀረ። ውሃው በመስታወቱ ላይ ወረደ፣ በበሩ ላይ ወረደ። ጎንበስ ብላ ማዕዘኑን በጣቷ ነካች። ደረቅ ነው። ምንጣፉንም ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ያኔ ለቅሶው መጣ፣ ከሆዷ፣ ሰው ቤት ሊለቀስ በማይችል ድምፅ። "አባዬ" አለች። ጮክ ብላ ደገመችው። ውጪ ያሉት ነርስ አልሰሙም፤ ባዶውን ጆግ ይዘው፣ ውሃ ባደበዘዘው መስታወት ውስጥ እጇን ለማየት ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ።

ልጅቱ እጇን አነሳች። በቃ አላለችም። ወደ ጆጉ እየጠቆመች በእጇ ይጨምሩ አለች። ነርሷ ሊሞሉ ወደ ቧንቧው ሄዱ።